ዝናቡ የት ደረሰ?

ሃያ ሦስት ጥቁር ሳጥን፣ ሃያ ሦስት ዝግ መስኮት፣
ከግርጌው ስም ተጽፎበት፣ ከኋላው ሰው የራቀበት።
በሽታው የገባ ሰሞን ጀልባው ልጆቹን በተነ፣
እያንዳንዱን ወደ ደሴቱ፣ እያንዳንዱን ወደ ቤቱ፤
አቻዎ ያለው አዳሪ ቤት አልጋው ሁሉ ባዶ ሆነ፤
ሰባተኛ ክፍል ማለት
ጉልበቴ ላይ ያለች ኮምፒውተር፣ ከምድጃዬ ፊት ለፊቱ።

ስም እጠራለሁ በጠዋት።
«ማይቴ?» «አለሁ» ትለኛለች።
«ሊሳንድሮ?» ቢጫ አውራ ጣት ከጓዳው ይልክልኛል።
«ሮሳውራ?» «አለ...» ትልና «ሁ»ዋ ባሕር ትገባለች።
«ኤላዲዮ? ኤላዲዮ ዌንቴዎ?»
ሦስት ወር ሙሉ መልስ የለም።
ቀረ እንዳልል ይገባል፤ መጣ እንዳልል ልጁ የለም።

ያልሞከርሁት ምን ነበረ? ክፍልፋይን በድንች ገመስሁ፣
የአባቴን የመርከብ ባርኔጣ ደፍቼ ታሪክ አስተማርሁ፤
ሳቁ እንደሆን አላውቅም፤
ሳቅ በዝግ መስኮት አያልፍም።
ዳይሬክተሩ ቅጽ ላከ፤ «የተሳትፎ መቶኛ ሙዪ፣
ባዶ ቦታ አይፈቀድም።»
ለኤላዲዮ ዜሮ ጻፍሁ።
መልሼ ደግሞ ሰረዝሁ።

ልጅ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የገዛ ፊቱን አያምነውም፤
አፍንጫው ቀድሞት ያድጋል፣ ድምፁ ሲጠራው አይመጣም።
ያንን ፊት ለሃያ ሦስት ሰው፣ ከነግድግዳው ስንጥቅ፣
ከተሰጣው ልብስ፣ ከአባት ሳል ጋር አሳይ ቢሉት፣
ቢደበቅ ማን ይፈርድበት?

ሐምሌ ነበር፤ ማክሰኞ ቀን፤ የአየር ንብረት ትምህርት።
ሠንጠረዡ እንቢ አለ፤ ጠበቅሁ፣ ነካካሁ፣ ገጹ ነጣ፤
ማይቴ ድንገት፦ «መምህርት፣
አይሰማኝም፤ ይቅርታ፤ ሜውሊን ላይ ዝናብ መጣ።»

«ድምፅሽን ዝጊ» ልል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤
«አሰሚን» አልኋት በምትኩ።
ስልኳን ከደጅ አወጣችው፤
ቆርቆሮ ላይ የፈሰሰ ምስር።
«ሁላችሁም ድምፅ ክፈቱ፤
እንዳትናገሩ፤ ክፈቱ።»

ሰማን። ሊሳንድሮ ቤት ገና ደረቅ ነው፤ መጋዝ ይፈጫል፣
አንዲት ሴት «እንጨቱን አስገባ!» ስትል ከሩቅ ይሰማል፤
ሮሳውራ ጋ ባሕሩ ብቻ፣ እንደ ጠገበ በሬ ያመሰኳል።
ሊሳንድሮ፣ ያ አውራ ጣት፣ አፍ አውጥቶ ተናገረ፦
«ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው! በሰባት ደቂቃ ኬናክ!»
«አምስት!» «አሥር!» ተባባሉ፤ ውርርዱ ጦፈ፣ ሰከረ፤
ከዚያ ጸጥ።
መላው ክፍል ጆሮ ሆኖ አንድ ዝናብ ይጠብቅ ጀመረ።

በዘጠነኛው ደቂቃ መጋዙ ድንገት ዝም አለ፤
«ደረሰ!» ብሎ ጮኸ ልጁ፣ ዘመድ ቤቱ እንደገባለት።
ቀጥሎ ካጓች፤ ሮሳውራ፣
ድምፅዋ ሳይቆራረጥባት፣ «እኔም ጋ! አለሁ! አለሁ!» አለች።
ከዚያ ወዲያ ያለው ደሴት አፒያዎ ነው።
«እዚያ ማን አለ?» አለች ማይቴ።
አውቃለሁ። አልመለስሁም።

ሦስት ወር ቀይ የነበረች ትንሽ ምልክት ነጣች።
መጀመሪያ የሕፃን ልቅሶ፤ የበር ሲጢጥታ፤ ጭቃ ላይ ሩጫ፤
ከዚያ የባዶ እንጨት ድምፅ፦ የተገለበጠች ጀልባ
(ኋላ እንደ ነገረኝ፣ እሷ ዘንድ ብቻ ነው ኔትዎርክ የሚገባ)።
ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ። ወዲያው ጎርፍ።
ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ግማሹ የልጅ፣
ግማሹ የጎልማሳ፣ ገና ያልበሰለ፣
«እዚህም ደረሰ» አለ።

የዓሣ ጣሳ ደጅ አስቀምጦ በማስመሪያ ለካልን፦
አሥራ አራት ሚሊ ሜትር።
ቅጹ ላይ፣ ከስሙ ትይዩ፣ አሥራ አራት ብዬ ሞላሁት።
ዳይሬክተሩ ደወለ፤ «ይሄ ምንድን ነው? ከመቶ ነው?»
«ከሰማይ ነው» አልሁት።

በነጋታው ስም ጠራሁ። «ኤላዲዮ ዌንቴዎ?»
ዝም። ቆይቶ በጽሑፍ መጣ፦
«ዛሬ አባርቷል፣ መምህርት። የሚሰማ ነገር የለም።»
«እሱኑ አሰማን» አልሁት።